እረፍት የሌለው አዮዲን

ጥቅምት 6 ቀን 2017፣ ሱሉልታ

ሁንዴ ዛሬ ጠዋት የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ደጋግሞ ሞከረና ተወው። «ይሄ ሸሚዝ ታጥቦ ጠቧል» አለኝ። ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ አልጠበበም። «ይሆናል» አልኩት።

የአንገቱ ንፍፊት ካንሰር ተመልሷል ማለት ነው። አምና የወሰደው መድኃኒት ፀጉሩን አርግፎ እብጠቱን አጥፍቶለት ነበር። ዘንድሮ ፀጉሩ በቀለ፤ እብጠቱም አብሮ በቀለ። አንድ አልጋ ላይ እየተኛሁ እንዴት ቀድሜ አላየሁትም?

ወንድሙ ቦሩ ከመናገሻ መጥቶ ነበር። «ጊደሯ ይዛለች ወይስ ገና ናት?» ሲለው ሁንዴ ከተቀመጠበት አልተነሳም። በበሩ ስታልፍ አያትና «ሁለት ወሯ ነው» አለ። ከአረማመዷ ነው የሚያውቀው። እዚህ አካባቢ ላሙን ለእንስሳት ሐኪም ከማሳየቱ በፊት ሁንዴ ፊት የማያስኬድ ሰው የለም።

«የሰው ላም ያያል፣ የራሱን አንገት አያይም» አለ ቦሩ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ይህ ደብተር ልጃችን ያኔት ስትማር የተረፈ ነው። ከፊቱ የእሷ ጂኦግራፊ ስላለ ከኋላ ጀምሬ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 8

ሆስፒታል ዋልን። ያኔት ከምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ፈቃድ አግኝታ፣ ከሰበታ መጥታ በሩ ላይ ጠበቀችን።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ያለፈው መድኃኒት ሁለተኛ እንደማይሠራ ነገረችን። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ወረቀቶች አስተካከለች፤ የተዛባ ወረቀት ግን አልነበረም። ቀጥላ፣ ለጥቂት ሕመምተኞች በጥናት የሚሰጥ ሌላ ሕክምና አለ አለች። ጨረር የተሸከመ መድኃኒት በደም ሥር ይገባል፤ በሽታው ያለበትን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ እዚያው ተቀምጦ ያቃጥለዋል።

«ራሱ ፈልጎ?» አላት ሁንዴ።

«ራሱ ፈልጎ።»

«ካላገኘውስ?»

«ካላገኘው ሌላ የምሰጥዎት የለኝም፣ አባቴ።»

ቀጥ አድርጋ ስለነገረችን ወደድኳት።

ለያኔት ምሳ አዘዝንላት፤ አልበላችም። ወጡ ሸተተኝ አለች። ፋብሪካው አድክሟት ይሆናል።

ጥቅምት 14

ዛሬ የሰማሁትን ካልጻፍኩት ነገ የራሴ ፈጠራ ይመስለኛል።

መድኃኒቱን የሚያዘጋጀው ሰለሞን የሚባል ባለሙያ ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር በእጁ የሚያሳይ። በቀጠሮ ወረቀት ጀርባ ላይ ሥዕል ሣለልን። እንደ ባላ እንጨት ሹካ ያለው ነገር ነው። አንቲቦዲ ይባላል። ሰውነት ባዕድ ሲገባበት የሚያወጣው መያዣ ነው፤ ይሄኛውን ግን ሰው ሠርቶታል፣ የሁንዴ በሽታ ያለበትን የሕዋስ ዘር ብቻ እንዲያውቅ። በደም ውስጥ ይዞራል። ጉበት ጋ ይደርሳል፣ አያውቀውም፣ ያልፋል። ልብ ጋ ይደርሳል፣ ያልፋል። የሚያውቃትን ሕዋስ ሲያገኝ ግን ይጣበቅባታል፣ አይለቅም። ከዚያው ዘር ጤነኞቹንም ይይዛል፤ እነሱ ቀስ ብለው ይተካሉ አለን።

ማታ ጥጆቹን ስንለቅ የማየው ይሄው ነው። የእኛና የጎረቤት ላሞች ተደባልቀው ሲገቡ ጥጃው ማንንም ሳይጠይቅ በእግሮች መሀል ሾልኮ ወደ እናቱ ይሄዳል። ሌላዋን አይሞክርም።

«እንደ ጥጃ ነው?» አልኩት፤ ሳላስበው አመለጠኝ።

ሰለሞን እርሳሱን አስቀመጠ። «እንደ ጥጃ ነው፣ እናቴ። ጀርባው ላይ ፍም የጫነ ጥጃ።»

ፍሙ አዮዲን ነው። ጨው ውስጥ ያለው አይደለም? አልኩት። ስሙ አንድ ነው አለ፤ ይሄኛው ግን እረፍት የለውም።

ይቺን ቃል ስሰማ ደነገጥኩ። ቤት እንደገባሁ የብስኩት ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። ከስድስተኛ ክፍል ከወጣሁ ጀምሮ ያልተለመደ ነገር የሰፈረበትን ወረቀት አልጥልም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን፣ ከመድኃኒት ካርቶን የወጣውን፣ ነፋስ አጥር ላይ የሰቀለውን። ሽምብራ የመጣበት የድሮ መጽሔት ገጽ ከታች ነበር። «የአንዳንድ አቶሞች እምብርት እረፍት የለውም። እረፍት እስኪያገኝ ድረስም» ይላል፤ እዚያ ላይ ተቀዷል። ያኔት ሕፃን ሳለች ነው ያገኘሁት። ይህን ሁሉ ዘመን እረፍት እስኪያገኝ ድረስ ምን እንደሚያደርግ ሳላውቅ ኖርኩ።

ጥቅምት 26

ጠብታ ጀመረ፤ መራራ ነው። እሱም አዮዲን ነው፣ እረፍት ያለው ዓይነት። ጉሮሮ ላይ አዮዲን የሚወድ ዕጢ አለ። አስቀድሞ በደህናው ካልጠገበ ፍሙን ይዞ ያስቀራል። መቀመጫው ሁሉ ከተያዘ ኋላ የሚመጣው እንግዳ ቆሞ አይቶ ያልፋል፤ እንደዚያ ነው።

የጨው ከረጢቱን አንስቼ አነበብኩ። እናቴ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። ያኔ ለእሷ ይሄ ብናኝ ነበር የጎደለው። ዛሬ ለባሌ አንገት ያው ነገር ሌላ ሆኖ ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን ይመጣል።

ጥቅምት 28

ትንሿን፣ የመሞከሪያዋን መጠን ሰጡት። ከበሩ ላይ አንዲት ነርስ «ከሴቶች እርጉዝ አለች?» ብላ ጠየቀች፤ ሁሉንም ነው የምትጠይቀው። እኔ ሳቅሁ። ያኔት «የለም» አለች። ወዲያው የሞባይል ካርድ ልግዛ ብላ ወጣች፤ እስክንጨርስ አልተመለሰችም። ካርድ ለመግዛት ይህን ያህል?

ስንወጣም አባቷ አጠገብ አልተቀመጠችም። እሱ ሊስማት ሲጎነበስ ቦርሳዋን መፈተሽ ጀመረች። ከዚያ «አመለጠኝ» ብላ ወደ ሰበታ ታክሲ ሮጠች።

ከተማ እንዲህ ያደርጋል። ተቆጥቻለሁ።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

አየሁት።

ትልቅ ካሜራ ነው፤ ሁንዴ ከሥሩ ተጋደመ። አምፖል የለውም፣ ብልጭ አይልም። «መቼ ነው የሚያበራው?» አልኩት ሰለሞንን።

«ካሜራው አያበራም። እሳቸው ናቸው የሚያበሩት፤ ካሜራው ዝም ብሎ ይቀበላል።»

የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ብትን ነጥብ፣ ከዚያ እየተጠጋጋ፣ እየተጠጋጋ። በማታ ከእንጦጦ ወደ ከተማው ሲያዩት መብራቱ እዚህ ጥቅጥቅ፣ እዚያ ሳሳ እንደሚለው። አንገቱ ላይ ደመቀ። ብብቱ ሥር ደመቀ። ሆዱ ውስጥ፣ እኔ የማላውቃቸው ሁለት ቦታዎች ደመቁ። ሰው በእጁ ዳስሶ የማያገኘውን፣ ዓይን የሌለው ነገር በጨለማ ዞሮ አግኝቶ «እዚህ ነው» ብሎ ቆሟል።

ይህን ሰው ሃያ ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ። ሲቆጣ፣ ሲያስነጥስ፣ ሲዋሽ አውቀዋለሁ። ከውስጥ አብርቶ ግን አይቼው አላውቅም። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ።

ያን ጊዜ ጠየቅሁት። «አንድ ወረቀት ላይ አንብቤ ነበር። እምብርታቸው እረፍት እስኪያገኝ ድረስ… ይልና ተቀዷል። እረፍት እስኪያገኝ ድረስ ምን ያደርጋል?»

ሰለሞን እንደ ሞኝ አላየኝም። «ከራሱ ይሰጣል» አለ። «እየሰጠ ይቀላል። ሲረጋጋ ይተዋል።»

ቤት ስገባ ገጹን ከቆርቆሮው አውጥቼ ከቅዳዱ ቀጥሎ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት።

ኅዳር 9

አልሆነም።

ኅዳር 10

ትናንት ከዚያ ቃል ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

ትልቁን ሊሰጡት ነበር። አዮዲኑ መንገድ ላይ ሁለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ። የጠዋት ወተት አይደለም ለሁለት ቀን፣ ለማታም አይቆምም፤ ስለዚህ ሲነግሩን ወዲያው ገባኝ። ይሄ ደግሞ ቢሸፍኑት፣ ቢያቀዘቅዙት፣ በእርሳስ ብረት ሣጥን ቢቆልፉት ሥራውን አይተውም። የሚያልፍበት ሰዓት ሁሉ ከእሱ ላይ ይሄዳል።

እንዲያም ሆኖ ሰለሞን ሞከረ። አንቲቦዲውንና አዮዲኑን የሚያያይዛቸው እዚያው ነው፤ በወፍራም የእርሳስ መስታወት ጀርባ ቆሞ፣ በረጅም መያዣ። መያያዛቸውን የሚፈርደው ወረቀት ነው። ከጠባብ ወረቀት ግርጌ አንዲት ጠብታ ያኖራል፤ ጫፉን ፈሳሽ ውስጥ ይነክራል። ፈሳሹ ሽቅብ ይወጣል። ብቻውን የቀረ አዮዲን አብሮ ይወጣል፤ የተያያዘው እታች ይቀራል። ልክ ቀለሙ ያልጸና ጨርቅ በውሃ ሲነካ።

ብዙው ወጣ።

ሁንዴ ግን ልብሱን አውልቆ ተዘጋጅቶ ነበር። «የተያያዘውን ያህል ስጠኝ» አለው። «የጎደለ ጣሳም ወተት ነው።»

«አባቴ፣ ያልተያያዘው መንገድ አያውቅም። የደረሰበትን ነው የሚያቃጥለው። አልሰጥዎትም።»

«ልጄ ብትሆን ትሰጠኝ ነበር።»

«ልጅዎ ብሆንማ ጭራሽ።»

ሁንዴ ሸሚዙን መልሶ ለበሰ። ቁልፉን አልሞከረም። ስንወጣ ሰለሞን ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያይ ነበር።

የሚቀጥለው ጭነት ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈልጋል።

ኅዳር 13

ድርቆሹ አልታጨደም። የሁሉም ሰው ሜዳ ተላጭቷል፤ የእኛ ብቻ ቆሟል። ሁንዴ በር ላይ ተቀምጦ ያየዋል።

ኅዳር 15

ቦሩ ከልጆቹ ጋር መጥቶ አጨደልን። ጠበል ልውሰደው ይላል። ሁንዴ «እሱም ይሁን፣ ያም ይሁን፤ ሁለቱ አይጣሉም» አለው። ቦሩ ጠበሉን በጀሪካን አመጣለት።

ጾም ገባ። ወተት የሚጠይቅ የለም። ስንጥ እውላለሁ።

ኅዳር 22፣ እሑድ መሸ

ያኔት መጥታ በር አካባቢ ተቀመጠች። የናጥኩት ሲሸታት ወደ ውጭ ሮጠች። ወተት ጠጥታ ያደገች ልጅ ወተት ሸተታት። «ሠራተኛ ሆነሽ ኮራሽ?» አልኳት። ነጠላዋን በዚያ ፀሐይ ከፊት አጥፋ ይዛ ነበር።

ቡራዩ የሚኖር ጓደኛ አለኝ፣ ወንዲ ይባላል፣ ፒክአፕ አለው፤ አባን ከሆስፒታል እሱ ያመጣዋል አለች። ታክሲ ውስጥ ከሰው ጋር ተጠጋግቶ መምጣት የለበትም አለች። ይሄን ከየት ሰማሽ? ሰለሞንን በስልክ ጠይቄው ነው። ሌላስ ምን ጠየቅሽው? ቦርሳዋን አነሣች።

ከሄደች በኋላ ሁንዴ «ልጄ ተጸየፈችኝ» አለ። «አንገቴን ማየት አትፈልግም።»

«ሥራው ነው» አልኩት። እንቅልፌ እምቢ ብሏል፤ ስለ አንድ ነገር እያሰብኩ ነው፤ አልጽፈውም።

ኅዳር 26

ተያያዘ።

ሰለሞን ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ወረቀቷ ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል እታች ቀርቷል።

ውሃ ይመስላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ አይፈላ፣ አይጨስ። በእርሳስ ተጀቡኖ መጣ፤ በቀጭን ቱቦ ገባ። ሁንዴ «ገባ እንዴ? ምንም አልተሰማኝም» አለ። ሰለሞን የጨረር መለኪያውን ከሩቅ አምጥቶ አቀረበው። መጀመሪያ ዝናብ ሲጀምር ቆርቆሮ ላይ እንደሚለው፣ ጠብ፣ ጠብ። ሲጠጋ ጠንከር አለ። አልጋው አጠገብ ሲደርስ ዶፍ ሆነ። ከባሌ ደረት የወጣ ዶፍ። በመስታወት በኩል አየኝና በእጁ «ዝናቡን ሰማሽ?» አለኝ፤ ይሄን እንዴት በእጅ እንደተናገረ አላውቅም፣ ግን እንደዚያ ነው ያለኝ።

እዚያው በእርሳስ በተለበጠ ክፍል ብቻውን ያድራል።

ኅዳር 28

ወንዲ አመጣው። ሁንዴ ከኋላ ጭነቱ ላይ በፍራሽ ተቀምጦ ነው የመጣው። ቦሩ አይቶ «ወንድሜን ባትሪ አድርገውት መጡ፤ ስልኬ ቻርጅ የለውም፣ ልጠጋ?» አለ። ሁንዴ እስኪያስለው ሳቀ።

ወንዲ ትሑት ልጅ ነው። በመጀመሪያ ቀን «እማዬ» አለኝ።

ሰለሞን የሰጠን ትእዛዝ ይሄ ነው፤ ለብቻው ይተኛል። ልብሱም ዕቃውም ለብቻ ይታጠባል። ትልቅ ሰው ራቅ ብሎ ያናግረው። ሕፃናትና እርጉዞች እስከ ገና ግቢው ውስጥ አይግቡ። በየስምንት ቀኑ ግማሹ ይሄዳል፤ ከቀረው ደግሞ በሚቀጥለው ስምንት ቀን ግማሹ።

«ታዲያ መቼ ያልቃል?» ብሎት ነበር ሁንዴ።

«አያልቅም። ከቁጥር እስኪወጣ ያንሳል እንጂ።»

«የአባታችን መሬት እንዲሁ ነው የሆነው» አለ። «ለልጅ ግማሽ፣ ለልጅ ልጅ ግማሽ። አሁን አንድ በሬ ዞሮ አይተኛበትም።»

ኅዳር 29፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰፈሩ መጣ። ሆስፒታል ሰንብቶ የወጣን ሰው ገብቶ፣ ጨብጦ፣ አጠገቡ ሳይቀመጡ መሄድ እዚህ አገር ነውር ነው። ይሄን እያወቅሁ በራቸው ላይ ልዘጋባቸው አልቻልኩም። ሁንዴን በረንዳ ላይ አስቀመጥኩ። ለእንግዶቹ የታሰረ ድርቆሽ ከሜዳው ዳር ደረደርኩላቸው። ተቀመጡ፤ እየጮኹ ጠየቁት።

«አካም ጂርታ፣ ኦቦ ሁንዴ!»

«ነጋ! ደህና ነኝ! እናንተስ!»

«ያቃጥልሃል ወይ!»

«እናንተን ነው የማቃጥለው!»

ውሃ ላመጣ ገባሁ። ስመለስ ድርቆሹ ቀርቧል። ማንም አልተነሳም፣ ማንም የገፋ የለም፤ ግን ቀርቧል። መለስኳቸው። አሁንም ገባሁ፤ ስወጣ የፊተኛው ረድፍ በረንዳው ሥር ደርሷል። የሁሉም ፊት ከማንም ምንም ያልሰማ ይመስላል። ከሰው ርቆ መቀመጥ የማይችል ሕዝብ ነው፤ እግራቸው አይደለም የሚሄደው፣ ሌላ ነገር ነው።

አዴ ዱርሲቱ፣ የእድራችን ትልቅ ሴት፣ ጭራሽ ተነሥተው ምርኩዛቸውን ይዘው ገሰገሱ። «ኧረ እማማ ይቆዩ» አልኳቸው።

«በዚህ ዕድሜዬ ምን ልትወስድብኝ ነው ጨረሯ? ይልቅ ሳልነካው ብሞት አፍራለሁ።»

እንደ እሳቸው ላለ ሰው አንድ አፍታ አይከፋም ብሎ ነበር ሰለሞን። ለቀቅኳቸው። እጁን ያዙት፣ አገላብጠው አዩት። ዞረው ለሁሉም «የሰው እጅ ነው» ብለው አወጁ።

ያኔት አልመጣችም። ሁንዴ እስኪመሽ መንገዱን ሲያይ ነበር።

ታኅሣሥ 3

ግድግዳውን በመሀል አድርገን እናወራለን። ከጋብቻችን ወዲህ ለብቻዬ ስተኛ የመጀመሪያዬ ነው። እጁ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። የእኔንም አሳርፋለሁ።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ያኔትን ከበር መለስኳት።

ዳቦ ይዛ መጣች፤ ወንዲ መኪናው ውስጥ ቀርቷል። «ከሩቅ ቆሜ ልየው፤ እንደ ሰፈሩ ሰው ድርቆሽ ላይ ልቀመጥ» አለች። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ። «ለአንቺ ድርቆሹም አይሆንም» አልኳት።

አየችኝ። አየኋት። አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኋትም። እንባዋ ወረደ። ዳቦውን ተቀበልኳትና ትከሻዋን ይዤ ወደ መኪናው መለስኳት። ወንዲን «ጉድጓድ ጉድጓዱን እየተጠነቀቅክ ንዳ» አልኩት። አንገቱን ደፋ።

ከካርድ ግዢው ቀን ጀምሮ እንዲያ ስቆጣት። ኮራሽ ስላት።

ታኅሣሥ 7

ሁንዴ ሁሉንም ከበረንዳ አይቷል። እራት አልበላም። «አዴ ዱርሲቱ እንኳን መጥተው ነኩኝ፤ ልጄ ከበር ዞረች። አንቺም አላስገባሻትም። ሁለታችሁም ያወቃችሁት አለ። እንደማልድን ነግረዋችኋል?»

«ማንም አልነገረንም።»

«ታዲያ?»

ምን ልበል? በእኛ ቤት ሽማግሌ ሳይላክ፣ ሠርግ ሳይደገስ ይሄ ዜና እንዴት ይነገራል? በሽታው ላይ ይሄን ልጨምርበት? ደግሞ ዜናው የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነው። «ለገና ስትመጣ ታያታለህ» አልኩት።

«ለገና እኖራለሁ?»

ግድግዳው ላይ እጁ ዛሬ አልተሰማኝም።

ታኅሣሥ 11

ደከመው። ሐኪሟ የደሙ መጠን የሚያንስበት ጊዜ ነው ብላ አስቀድማ ነግራን ነበር። እያወቅሁም እፈራለሁ። እብጠቱ ያው ይመስለኛል። ወይስ አነሰ? በየቀኑ የሚያየው ዓይኔ ከዳኝ።

ታኅሣሥ 14

ቅቤ። ልብስ። የደም ምርመራ። ያኔት ደወለች፤ «ተናደደብኝ?» አለች። «ናፍቀሽዋል» አልኳት። ሁለቱም እውነት ነው።

ታኅሣሥ 19

ጠዋት ልብሱን ሲለብስ ቆሜ ነበር፣ ከሩቅ። እጁ በልማድ ወደ ላይኛው ቁልፍ ሄደ። ቆለፈው። ሳያስተውል ወደ ላሞቹ ወጣ።

እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ሥራው ላይ ነበር። እኛ ስንኮራረፍ፣ እኔ ስንጥ፣ እነሱ ድርቆሽ ሲገፉ፣ እሱ ሲተኛ፣ ያ ውሃ የሚመስል ነገር አንገቱ ሥር ተቀምጦ ከራሱ ሲሰጥ ነበር። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ እየሰጠ፣ እየቀለለ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ነገር በድንጋይና በጨው ውስጥ ደብቆ፣ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው እስኪመጣ ይህን ሁሉ ዘመን ጠበቀ።

ታኅሣሥ 24

ሆስፒታል። ዶክተሯ አንገቱን ዳሰሰች፣ ብብቱን ዳሰሰች፣ ደግማ ዳሰሰች። ከግማሽ በላይ ሟሙቷል አለች። ሆዱ ውስጥ ያሉት የካቲት ላይ በሌላ ምርመራ ይታያሉ፤ እስከዚያ ድኗል አልልም፣ ግን መድኃኒቱ ቤቱን አግኝቷል አለች።

ሰለሞን መለኪያውን አቀረበው። ዶፉ የለም። ጠብ ይላል፣ ይቆያል፣ ጠብ ይላል። «ከገና ጀምሮ ማንም ይቅረብዎ» አለው።

«ማንም?» አልኩት።

ሰለሞን ወደ እኔ ዞረ። «ማንም፣ እናቴ። ያቺ በስልክ የምትጠይቀኝም።»

ሁንዴ ጃኬቱን እየለበሰ ነበር፤ የሰማ አልመሰለኝም።

ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት

ያኔት በጠዋት መጣች። ወንዲ ከበሩ ውጭ ቆመ፤ ሽማግሌ ሳይልክ መግባት አፍሮ ነው። ሁንዴ በታጨደው ሜዳ መሀል ፀሐይ እየሞቀ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ፣ እስከ ላይ ቆልፎ። ሲያያት ፊቱን ወደ ጎን አደረገ። ተቀይሟት ነበር።

እሷ በሩን አልፋ ሜዳውን ይዛ ወደ እሱ መሄድ ጀመረች። ከእሱ ሌላ የምታየው አልነበረም። እኔ እበረንዳው ላይ ቆሜያለሁ።

ፊቱን መለሰ። አረማመዷን አየ።

ያን ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ሰው ላሙን ፊቱ ሲያስኬድ የማየው ነው። አንድ ጊዜ አየ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደ ወንዲ አየ። ከዚያ ወደ እኔ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ብድግ አለ። በርጩማውን አነሣና ወደ ኋላው ሄደ። ያኔት ፈጠን ስትል እሱ ባሰበት። ቆመች። «አባ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። የጠላት መሰላት። እሱ ግን በርጩማውን አቅፎ እስከ ሜዳው ጫፍ፣ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም። እዚያ አስቀምጦት ዞረ።

«ሰለሞን ፈቅዷል!» ብዬ ጮኽኩለት። «ለማንም ፈቅዷል!»

«ሰለሞን ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል!» አለኝ። «አያልቅም ብሎኝ የለም? ሌላ ስምንት ቀን ይጨመርበት!»

ያኔት ሜዳው መሀል ቆማ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ ከሩቅ አይለይም። እሱ ቁጭ ብሎ በደንብ አያት፤ በጾሙ ያላያትን ያህል። ከዚያ ወንዲን በእጁ «ግባ፣ ምን በር ላይ ትቆማለህ» ብሎ ጠራው። ያኔት ልቅረብ አልቅረብ እያለች አንድ እግሯን ስታነሳ፣ ከአጥሩ ሥር ድምፁ መጣ።

«ቀስ ብለሽ ልጄ፤ እዚያ ጋ ድንጋይ አለ።»